ውሃው የት ነው?

እናቴ ከደባርቅ መጥታ እኛ ዘንድ ስትቀመጥ አራተኛ ወሯ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት የጸደይ እረፍት የሰጠው በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ሆሳዕና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ስንቃችንን ቋጥረን ወደ ሼነንዶዋ ተራሮች መሄድ ለምደናል። ባለቤቴ ይነዳል፣ እናቴ ከፊት ተቀምጣለች፣ እኔ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከኋላ ነኝ። "ልጄ" ብዬ የጻፍኳት ትልቋ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል ናት። የሁለቱን ቀን ጨዋታ ማታ ማታ በደብተር ስለያዝኩት የእናቴን ቃል ብዙም አልነካካሁትም።

እናቴ፦ እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ ምን ጉዳይ አለን?

እኔ፦ ምንም ጉዳይ የለንም እማዬ። ተራራ ልንወጣ ነው፤ በእግራችን ልንሄድ፣ ልናይ።

እናቴ፦ ዘመድ የለም? ጠበል የለም?

እኔ፦ የለም።

እናቴ፦ እኔ ያለ ጉዳይ ተራራ ወጥቼ አላውቅም። ወይ እንጨት ለቀማ ነው፣ ወይ የጠፋ በግ ፍለጋ ነው፣ ወይ ለቅሶ መድረስ ነው። ፈረንጆቹ ደባርቅ መጥተው በቅሎ ይከራያሉ፤ በቅሎው ላይ ዕቃቸውን ይጭኑና ራሳቸው በእግር ይሄዳሉ። በቅሎው እያለ ለምን ይደክማሉ እያልኩ ስንት ዓመት ቆሜ አየኋቸው።

ልጄ፦ እማማ፣ ዛሬ አንቺም እንደነሱ ልትሄጂ ነው።

እናቴ፦ እናያለና።

ልጄ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? የአማርኛ አስተማሪያችን ጸደይ መስከረም ላይ ነው፣ አበባ የሚወጣበት ነው ብላናለች። እዚህ ግን ጸደይ አሁን ነው። የቱ ነው ልክ?

እናቴ፦ አስተማሪሽ የከተማውን ነግራሻለች። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ወራቱን በጣቱ እየቆጠረ ነው ያስተማረን። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው፤ የአበባው ወራት እሱ ነው። ከዚያ በጋ ይገባል። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው ጸደይ፤ እኛ በልግ የምንለው። ከሰኔ 26 ክረምት።

እኔ፦ እንደ አያቴ ቁጥር ከሄድን የአሜሪካውም የእኛም ጸደይ ዛሬ ገጥሟል ማለት ነው።

እናቴ፦ ገጥሟላ። ሰዉ አበባ ሲያይ ጸደይ ማለት ለመደ እንጂ ቁጥሩ አልተለወጠም።

ከቤታችን እስከ ፍሮንት ሮያል 70 ማይል ገደማ ነው። ያ ሁሉ መንገድ ስለ ወራት፣ ስለ ጾምና ስለ ታናሹ ልጄ ጫማ ሲወራበት አለቀ። ከተማዋን አልፎ ወዲያው የፓርኩ በር አለ፤ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ይከፈላል፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። እኛ ግን አልከፈልንም። እዚህ አገር አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለአንድ ዓመት ብሔራዊ ፓርኮችን በነጻ ይገባል፤ አብሮት በመኪናው ያለ ቤተሰቡም ይገባል። አራተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ይህን ዕድል አታሳልፉት፤ ከድረ ገጽ ላይ የሚታተም አንዲት ወረቀት ነች።

ልጄ፦ እኔ ነኝ ያስገባኋችሁ!

እናቴ፦ እሰይ የኔ ዓለም፣ ጌታ ያሳድግሽ። መንገዱስ እንዴት ያለ ነው! ሊማሊሞን መሰለኝ። ገደሉ ነው የሌለው።

እኔ፦ እኩያሞች ናቸው እኮ። ሊማሊሞን ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው የቆረጠው። ይሄ ስካይላይን ድራይቭ ይባላል፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1931 ተጀምሮ በ1939 አለቀ። የተራራውን ጀርባ ጀርባ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል፤ በኪሎ ሜትር 169 ነው።

እናቴ፦ ሊማሊሞ ተራራውን ሊያሻግር ነው የተሠራ። ይሄ ወዴት ያሻግራል?

እኔ፦ የትም አያሻግርም። ከላዩ ላይ ሆነው እንዲያዩበት ነው የተሠራው። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ መኪና እያቆሙ የሚያዩባቸው ቦታዎች ወደ 70 ይጠጋሉ።

እናቴ፦ ለዓይን ብቻ የተሠራ መንገድ። ጥጋብ ነው፤ ግን ደስ ይላል።

መጀመሪያ የምንቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ከበሩ አምስት ማይል ሳይሞላ፣ የእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት። ዙሪያው 1.2 ማይል የሆነ የእግር መንገድ አለ፤ ለሕፃንም ለአዛውንትም አይከብድም። ካልሲያችንን በሱሪያችን ላይ ሳብን፣ መዥገር ስለሚኖር። ለዚህ እናቴን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ልጄ፦ እማማ፣ ይሄ መንገድ ፎክስ ሆሎ ነው የሚባለው። ፎክስ ቀበሮ ነው።

እናቴ፦ ቀይ ቀበሮ አለ እዚህ?

ልጄ፦ አይ፣ የሰው ስም ነው! ፎክስ የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

በዚህ መንገድ ቢያንስ አምስት ጸደይ አልፌያለሁ። አጋዘን ፎቶ አንስቻለሁ፣ ልጆቹ የወደቀ ግንድ ላይ ሲንጠላጠሉ ስቄያለሁ። እናቴ ግን መቶ እርምጃ ሳትሄድ ቆመች።

እናቴ፦ ይሄ ጫካ አይደለም።

እኔ፦ እንዴት? ዛፍ ብቻ ነው እኮ የሚታየው።

እናቴ፦ ዛፉ ትናንት የበቀለ ነው። እዪው፣ ሁሉም አቻ ለአቻ ነው፤ ሽማግሌ የለበትም። ይሄ ማሳ ነበር። ያንን ድንጋይ ተመልከቺ።

እኔ፦ የፈረሰ ካብ መስሎኝ ነበር።

እናቴ፦ ካብማ ይደረደራል። ይሄ ልቅም ነው። የሚታረሰውን መሬት ድንጋዩን እየለቀሙ ዳር ላይ የከመሩት። ትልልቁን ሰውየው ተሸክሞታል፤ ትንንሹን ልጆቹ ናቸው ያመጡት። ነይ እስቲ አንቺ፣ ይቺን አንሻት።

ልጄ፦ በአንድ እጄ አነሳኋት!

እናቴ፦ አየሽ? በልክሽ ናት። በአንቺ ዕድሜ ያለች ልጅ ናት እዚህ የጣለቻት። እኔም ከእርሻ በኋላ አባቴ ማሳ ላይ እሷን ስለቅም ነበር የምውለው፤ ማታ ጣቴ አልታጠፍ ይለኝ ነበር። በይ መልሰሽ አኑሪያት።

ልጄ ድንጋዩን የመለሰችው እንደ እንቁላል ነው፣ በሁለት እጇ። ድንጋዩ በአንድ በኩል የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፣ በሌላው በኩል ራቁቱን ነው። እናቴ ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኘች፤ ገበያ ውላ ሰፈሯ እንደገባች ሴት ነበር አስተያየቷ።

እናቴ፦ እንግዲህ ማሳው ይሄ ከሆነ ቤቱ ሩቅ አይደለም። ውሃው የት ነው?

እኔ፦ ምን ውሃ?

እናቴ፦ ሰው ቤት የሚሠራው ውሃ አይቶ ነው። ዝም በሉ እስቲ።

ዝም አልን። ታናሹም ዝም አለ። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ውሃ ይሰማ ነበር። እናቴ ወደ ድምፁ ጥቂት ሄዳ ጎንበስ አለችና ጣቷን ነክራ አማተበች። ከዚያ ወዲያ የምትመራን እሷ ነበረች። ትንሽ አለፍ ብሎ የቤተሰቡ መቃብር አለ። መሬቱን ቅጠሉ የማይረግፍ ሐረግ ሸፍኖታል፤ ሰማያዊ አበባ ያወጣል። በእነዚህ ተራሮች ሰው የቀበሩ ቦታው እንዳይጠፋባቸው የሚተክሉት ነው።

እናቴ፦ ነፍስ ይማር። ልጆቻቸው የት ሄዱ?

እኔ፦ ተነሡ እማዬ። በዚህ ተራራ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ የሚያርስ፣ ከብት የሚያረባ፣ ፖም የሚተክል። በ1928 የቨርጂኒያ መንግሥት ሕግ አወጣና መሬቱን ባለቤቱ ቢወድም ባይወድም ገዛው፤ ከዚያ ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ። ፓርኩ በ1935 ተመሠረተ፤ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እዚሁ መጥተው መረቁት። በዚያን ጊዜ ገና ከ400 በላይ ቤተሰብ ተራራው ላይ ነበር።

እናቴ፦ ገንዘብ ተሰጣቸው?

እኔ፦ መሬቱ በስሙ ለሆነ ሰው። በሰው መሬት ላይ ለሚኖረው ግን የመሬት ዋጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤቶቹን አፈረሷቸው፣ አቃጠሏቸው፤ ማሳው ዛፍ እንዲመልስ ተተወ።

እናቴ፦ እነሱስ ምን አሉ? ዝም ብለው ሄዱ?

እኔ፦ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፣ ለፓርኩ ኃላፊዎች። ደብዳቤዎቹ ተቀምጠው ቆይተው ኋላ በመጽሐፍ ታትመዋል። ምን ብለው እንደሚጽፉ ታውቂያለሽ? ለቆ ከሄደው ጎረቤቴ ቤት መስኮቱን ልውሰድ ወይ? የዘራሁትን ልሰብስብ ወይ? ፖሜን ልልቀም ወይ?

እናቴ፦ የራሱን ፖም?

እኔ፦ የራሱን።

እናቴ፦ ፈቃድ እየጠየቀ?

እኔ፦ አዎ።

መኪናው ጋ እስክንደርስ ሌላ አልተናገረችም። ቀበቶዋን ስታስር ነው የጠየቀችኝ።

እናቴ፦ አንድም ሰው አልቀረም?

እኔ፦ ጥቂት ሽማግሌዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። የመጨረሻዋ አኒ ሼንክ የምትባል ሴት ናት። በ1979 ነው ያረፈችው፣ በ92 ዓመቷ።

እናቴ፦ ያን ያህል ዓመት ጎረቤት በሌለበት! እሳት ስታጣ ከማን ትጭር ነበር?

ከዚያ ወደ ላይ ነዳን። ከታች ከተማዋ ዳር ላይ ቅጠል ሳያወጣ ግንዱና ቅርንጫፉ ሐምራዊ አበባ የሚለብስ ዛፍ ነበር፤ ሬድበድ ይሉታል። ከፍ ስንል አበባው ጠፋ፤ እንቡጥ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ እንቡጡም ጠፋ።

ልጄ፦ ወደ ክረምት ተመለስን! እዚህማ ዛፉ ሁሉ ደርቋል።

እናቴ፦ አልደረቀም፤ ደጋ ገብተን ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቆላ ስትወርጂ ሙቀቱ ልብስ ያስወልቅሻል፤ በዚያው ቀን ስትመለሺ ጋቢ ትደርቢያለሽ። በአንድ ቀን ሁለት ወራት ታያለሽ።

እኔ፦ እዚህ አገር ጸደይ ተራራውን በቀን 30 ሜትር ያህል ነው የሚወጣው ይላሉ። ታች ያየሽው አበባ ገና እየወጣ ነው። ጫፍ ላይ መቼ እንደሚደርስ አስቢው እስቲ፤ ከፍሮንት ሮያል እስከ ጫፉ 1,000 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ልጄ፦ ሠላሳ ሦስት ቀን! ከአንድ ወር ይበልጣል።

እናቴ፦ ጸደይም በእግሩ ነው በይኛ የሚሄደው።

ስቶኒ ማን የሚባለው ጫፍ ላይ የወጣነው ከሰዓት ነው። መንገዱ ከመኪና ማቆሚያው ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው፤ ግማሹ ከጆርጂያ እስከ ሜን የሚዘልቀው የአፓላሺያን የእግር መንገድ አካል ነው። በየዛፉ ግንድ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ወደ ጫፉ ሲታጠፉ ሰማያዊ ይሆናል። ልጆቹ ቀለሙን እየቆጠሩ ሮጡ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትይዘው። እኔና ባለቤቴ ሁለቴ ስንቆም እሷ አንድም ጊዜ አልቆመችም። እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ እርምጃዋን ሳታሳጥር ሳታስረዝም፣ ሽቅብ ሄደች። እንደዚያ ስትሄድ ያየኋት ገና ልጅ ሆኜ ነው።

እናቴ፦ ስንት ነው የዚህ ከፍታው?

እኔ፦ 1,222 ሜትር። ከፓርኩ ጫፎች ሁለተኛው ነው፤ አንደኛው ሆክስቢል 1,235 ነው።

ልጄ፦ ደባርቅስ?

እኔ፦ ከ2,800 በላይ።

ልጄ፦ እማማ ከቤቷ ወርዳ ነዋ ተራራ የወጣችው!

እናቴ፦ ቢሆንም ተራራ ነው። እዪ፣ ታች አገሩ ሁሉ ይታያል። ያቺ ከተማ ማን ናት?

እኔ፦ ሉሬይ። የምናድረው እዚያ ነው። ደግሞ ይሄን ተራራ አነሰ ብለሽ እንዳትንቂው፤ ሽማግሌ ነው። የቆምሽበት አለት ከምድር ፈልቆ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ 570 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የስሜን ተራሮችም እንደዚሁ እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው፤ የእነሱ ዕድሜ ግን 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይሄን ስንት ዝናብና ስንት ውርጭ ሲያወርደው ኖረ።

እናቴ፦ የእኛዎቹ ልጆች ናቸዋ ታዲያ። ለዚህ ነው ገደላቸው እንዲህ የሚቆጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አለት ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ፈታች። እኛ ድፎ ዳቦና ሙዝ ይዘናል፤ እሷ በሶዋን በፌስታል ቋጥራ ነው የመጣችው። በሳህን አፍስሳ፣ ጨው ነስንሳ፣ ትንሽ በርበሬ ጨምራ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ ውሃውን በመዳፏ እየለካች አሸችው። ነፋስ ዱቄቱን እንዳይወስድባት በነጠላዋ ጠርዝ ጋርዳዋለች። መጀመሪያ ፍርፍር ይላል፤ ሁለት ሦስቴ ስትጨብጠው የአራት ጣቶቿ ቅርጽ ታተመበት። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጭብጦ ሰጠችን። በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች ሰላምታ እየሰጡ አዩን፤ አንዲት ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችና ልጄ በእንግሊዝኛ የተቆላ ገብስ መሆኑን ስታስረዳ ሰማኋት፣ ኩራት ባለው ድምፅ።

እናቴ፦ የጠዋቱ ነገርሽ ከሆዴ አልወጣልኝም። ግጭን አስታወሰኝ።

ልጄ፦ ግጭ ምንድን ነው?

እናቴ፦ መንደር ነው፤ ስሜን ፓርክ ውስጥ የነበረ። ከፍታው የዚህን ተራራ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ከገብስ ሌላ ብዙ አይሆንበትም። በ2008 ዓ.ም. ነው የተነሡት። ከ400 በላይ አባወራ። ካሳ ተሰጣቸው፣ ደባርቅ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። አሁን ቤቴ አጠገብ ያለችው ሴት ከዚያ የመጣች ናት። እስላም ናት፤ በበዓሏ እሷ ትጠራኛለች፣ በበዓሌ እኔ እጠራታለሁ፣ ቡናችን አንድ ነው።

ልጄ፦ ለምን አስነሷቸው?

እኔ፦ ለአውሬዎቹ ነው። የስሜን ፓርክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነበር። ኋላ ግን እርሻውና ግጦሹ በዛ፣ ዋልያው ተመናመነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው፤ የግጭ ሰዎች በተነሡ በዓመቱ።

ልጄ፦ ዋልያ ሌላ ቦታ የለም?

እናቴ፦ የለም የኔ ዓለም፤ በዓለም ላይ ያ ገደል ብቻ ነው ቤቱ።

ልጄ፦ ታዲያ ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?

እናቴ፦ ጎረቤቴን ብትጠይቂያት በአንድ ቃል አትመልስልሽም። ልጆቿ ትምህርት ቤት ቀረባቸው፣ መብራት ገባላት፣ ስትታመም ሐኪም ቤቱ በእግር ይደረሳል። ይህን ሁሉ ታመሰግናለች። ግን ከጎተራዋ በቁና ሰፍራ ስታወጣ የኖረች ሴት ገብስ በኪሎ ስትገዛ ታፍራለች። ዓይኔ እያየ ነው፤ ዘንቢሏን በነጠላ ሸፍና ነው ከሱቅ የምትመጣው። የዘመዶቿም መቃብር እዚያው ነው። ጓሳው አገገመ፣ ጭላዳው በዛ ሲሏት ደግሞ "እሰይ፣ እነሱ እንኳ ይክበሩበት" ትላለች።

እኔ፦ እኔ ፓርክ አይኑር አልልም እማዬ። ይሄ ተራራ ባይጠበቅ ኖሮ ዛሬ ጫፍ ጫፉን የሀብታም ቤት ይዞት እኛ አጠገቡም አንደርስም ነበር። የሚያመኝ ሌላ ነው። ልጆቼን አምስት ጊዜ እዚህ አምጥቼ "የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ" እያልኩ አስተማርኳቸው። ዓይናችን ፊት ያ ሁሉ ልቅም ተከምሮ። ሐሰት ነው የነገርኳቸው።

እናቴ፦ አላየሽውም እንጂ ሐሰት አልተናገርሽም።

እኔ፦ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል እኮ። ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ። ድንጋዩን ነው ያላየሁት።

ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በፓርኩ ዙሪያ ባሉ አውራጃዎች የተነሡት ቤተሰቦች የልጅ ልጆች በድንጋይ የተገነቡ የጭስ መውጫ ሐውልቶች እንዳቆሙ፣ የቤተሰቦቹም ስም እንደተጻፈባቸው ነገራት። ቤቱ ሲቃጠል ሳይወድቅ የሚቀረው የጭስ መውጫው ስለሆነ ነው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

እናቴ፦ ምድጃው ቀረ በለኛ።

ሉሬይ አደርን። ጠዋት ከተማዋ ዳር ያለውን ዋሻ አየን፤ በ1878 የተገኘ ነው፣ ውስጡ እንደ ጧፍ የተንጠለጠለና እንደ ዓምድ የቆመ ድንጋይ ሞልቶታል። ቲኬቱ ውድ ነው፤ ሰው ይበዛበታል፤ ያለ አስጎብኚ ብንገባም መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍነው። አንድ ነገር ግን እናቴን አቆማት። በዋሻው ውስጥ የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች በትንንሽ መዶሻ የሚመታ ኦርጋን አለ፤ ሲመቱ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው።

እናቴ፦ ይሄማ የድንጋይ ደወል ነው! የእኛ ቤተ ክርስቲያን ድሮ በዚህ ነበር ሰው የምትጠራው። ሁለት ድንጋይ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን።

ከዋሻው ወጥተን እንደገና ተራራው ላይ ወጣን፤ ወደ ደቡብ ነዳን። ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው ቦታ 57ኛው ማይል ላይ ነው። ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ የድንኳን ቦታ፣ ከዛፍ ሥር የምግብ ጠረጴዛዎች አሉት። ከሌላው ሰፈር ያነሰና ጸጥ ያለ ነው። ምሳችንን እዚህ ለመብላት የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ለልጄ ልነግራት ያሰብኩት ነገር ነበር።

እኔ፦ ይሄ ቦታ ሲከፈት፣ በ1939፣ በሩ ላይ ለጥቁሮች የተለየ ስፍራ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ነበረው። በሌሎቹ ማደሪያዎች ነጮች ናቸው የሚያርፉት። የቨርጂኒያ ልማድ ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ፓርኩም ያንኑ ተከተለ።

ልጄ፦ ያኔ ብንመጣ እኛስ?

እኔ፦ እዚህ ብቻ።

ልጄ፦ እማማም?

እኔ፦ እማማም።

እናቴ፦ ተራራውንም ለሁለት ከፈሉት? ኧረ ምን ዓይነት ልብ ነው! መቼ ተወ?

እኔ፦ ጥቁሮች ተሟገቱ፣ አቤት አሉ። ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ በ1950 ሙሉ በሙሉ ቀረ። ይሄ ቦታ ግን ለብዙ ጥቁር ቤተሰብ ከተራራው ጋር የተዋወቀበት ነው። ከዋሽንግተን ድረስ በመኪና እየመጡ እሑድን እዚህ ያሳልፉ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ ምግባቸውን ይዘው።

ልጄ፦ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ?

እኔ፦ እዚሁ ዛፍ ሥር።

ልጄ ቀና ብላ ዛፉን አየች። ከትናንት ጀምሮ የምታየው ነገር ሁሉ ሌላ ሆኖባታል። እያንዳንዱን ድንጋይ "ይሄ ልቅም ነው?" እያለች አያቷን ትጠይቃለች፤ የሰው እጅ ያልነካውንም ጭምር። እናቴም አልታከታትም፤ "ይሄ ጎርፍ ያመጣው ነው፣ ይሄ ከአለቱ የተፈነከተ ነው፣ ይሄኛው አዎ" እያለች ትለያለች። ታናሹ ወንድሟ ከሳሩ ውስጥ አጋዘን ሲወጣ አይቶ ጮኸ። ሁላችንም ቆመን አየነው። ሳሩን ነጭቶ ነጭቶ፣ ጆሮውን ወደ እኛ አዙሮ፣ ተመልሶ ገባ።

አሌክሳንድሪያ የደረስነው ከመሸ ነው። እናቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኬን ተቀበለችኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤቷ እንድልክላት ፎቶ መረጠች። ጫፉን አይደለም የመረጠችው፤ ያን ያህል የደከምንበትን፣ አገር ምድሩ የሚታይበትን ፎቶ አልፋ፣ ከዛፍ መሀል የተከመረውን ድንጋይ መረጠች። ሲነጋ በቴሌግራም ላክሁት። ሴትዮዋ ወዲያው ደወለች፤ ደባርቅ ከሰዓት ነበርና ከጀርባዋ ፍየል ሲጮኽ ይሰማል። ከሰላምታው በኋላ፣ ልጆቹን ከጠየቀችን በኋላ፣ እናቴ የሰዎቹን ነገር ከነገረቻት በኋላ፣ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለን ድረስ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

"ውሃውስ? ሩቅ ነበር?"